የገዝሙ መስኮት

የሟቹ የገዝሙ ምግብ እንደ ወትሮው በሰዓቱ ወጣ። በመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ መስኮቶች መካከል በስሙ የተሰየመው ተከፈተ፤ የገብስ ቅንጬ፣ የተቀቀለ ሽምብራና አንድ ቁራጭ ፓፓያ የያዘ ሳህን ወደ ውጭ ተንሸራተተ፤ መስኮቱ ተዘጋ። ሦስተኛው ፈረቃ ወደ ሥራ ከመውረዱ በፊት ሳህኑ ባዶውን ተመልሶ ወደ ማጠቢያው ገባ። የጣቢያውን ወጥ ቤት የሚያስተዳድረው ሰው ሠራሽ አእምሮ፣ ሁሉም መጋቢ የሚለው፣ «ተመግቧል» ሲል መዘገበ።

ዶክተር ትርሲት ይህን ቃል በላይኛው ደርብ፣ በቢሮዋ ስክሪን ላይ አነበበችው። ስሙን የተሳሳተች መስሏት ደግማ አየችው። አልተሳሳተችም። ገዝሙ ባለፈው ክረምት የእንፋሎት ቱቦ ፈንድቶበት የሞተ ሰው ነው። አስከሬኑ ወደ ምድር ገጽ ሲወጣ እርሷም ከአሳንሰሩ ደጃፍ ቆማ ሸኝታዋለች። ወደ ኋላ ተመልሳ ስትመረምር፣ የሟቹ መስኮት ለወራት ያለማቋረጥ ሲከፈት ቆይቷል። 

ጣቢያው ከጋለ አለት እንፋሎት እየሳበ መብራት የሚያመነጭ፣ ከአፋር ምድር በታች የተቆፈረ ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ ጥልቀት ፀሐይ የለችም፤ ቀንና ሌሊትን የሚተካው ፈረቃ ነው። ሰው በእንቅልፉ ሰዓት ሲሠራ ሆዱና ጉበቱ አብረውት አይነቁም። በቀድሞው ዘመን ተረኞች ድካማቸውን በዳቦና ስኳር በበዛበት ሻይ ሲያታልሉ ኖረው፣ በስኳርና በልብ ሕመም ይወድቁ ነበር። ያንን ዘመን ያስቀረችው ትርሲት ናት። በእያንዳንዱ ሠራተኛ አንጓ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል መሣሪያ ቀበረች፤ የአካልን ሰዓት የሚቆጥር ነውና ገላ-ሰዓት አለችው። መጋቢ ከገላ-ሰዓት በሚደርሰው መልእክት እያንዳንዱን መስኮት በየጊዜው ይከፍታል። ከሥራ በፊት ጠንከር ያለ ምግብ ይሰጣል፤ በፈረቃው አጋማሽ እርጎ ወይም ፍራፍሬ፤ አካል በሚያንቀላፋበት ሰዓት ደግሞ ከውሃ በቀር ምንም። ሁሉም በየራሱ ሰዓት፣ ለብቻው ይመገባል። «ሰው መብላት ያለበት ሆዱ ሲነቃ እንጂ ባልንጀራው ሲጠራው አይደለም» የሚለው የጥናቷ ዓረፍተ ነገር በአዳራሹ መግቢያ ላይ ተቀርጿል።

የጣቢያው ኃላፊ ኢንጂነር ኑርሁሴን ነገሩን ሲሰማ፣ የሞተ ሰው እንደማይበላ፣ ስለዚህም የሚበላለት ሌባ እንዳለ ተናገረ። ያሳሰበው ምግቡ አልነበረም። በሁለት ሰው ምግብ ሆዱን ሞልቶ የእንፋሎቱን ፍሰት የሚቆጣጠረውን በር የሚጠብቅ ተረኛ ለቅጽበት ቢያሸልብ፣ የሚሞተው እንደ ገዝሙ አንድ ሰው ብቻ አይሆንም።

«ስሙን እፈልጋለሁ፣ ዶክተር» አለ። «ማንም ይሁን ማን ወደ ላይ ይወጣል፤ ተመልሶም አይወርድም።»

ትርሲት ስሙን የምታውቀው መሰላት። ሐያት ከገዝሙ ጋር አንድ የእንፋሎት በር ስትጠብቅ የኖረች ቴክኒሻን ናት። ከሞቱ በኋላ ሳህኗ እንደ ወጣ ይመለስ ነበር፤ ገላ-ሰዓቷ ተዛብቶ፣ በደሟ ያለው ስኳር ወርዶ፣ ለሥራው ብቁ አይደለችም ተብላ ልትሰናበት ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ ሳይታሰብ አገገመች። ትርሲት ይህን ማገገም የደንቧ ፍሬ አድርጋ በየጉባኤው አቅርባዋለች። አሁን ያ ማገገም ከሟቹ ሳህን የመጣ መስሎ ታያት።

በቀጣዩ የምግብ ሰዓት ወደ አዳራሹ ወረደች። በዚያ በልታ አታውቅም። የእርሷ መስኮት በቢሮዋ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ምግቧም አብዛኛውን ጊዜ ከስክሪኑ አጠገብ ቀዝቅዞ ይቀራል።

የሦስተኛው ፈረቃ ሰዎች ከመስኮቶቹ ፊት ቆመዋል። መስኮቶቹ ተከታትለው ተከፈቱ። እርሷ እንዲህ አላዘዘችም፤ በደንቡ መሠረት በመካከላቸው ሰፊ የጊዜ ልዩነት ሊኖር ይገባ ነበር። ይበልጥ የገረማት ግን ማንም ማንኪያ አለማንሣቱ ነው። ሳህኖቻቸውን በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አኑረው፣ ቆመው ጠበቁ። በመጨረሻ የገዝሙ መስኮት ተከፈተ።

«ሞቶም ያስጠብቀናል» አለ አንዱ።

«አንተ በሕይወት እያለህ ከምታስጠብቀን ይሻላል» አለችው ሐያት፤ ሳቁ።

ሐያት ሳህኑን አንሥታ በጠረጴዛው መካከል አስቀመጠችው። የፈረቃው አንጋፋ ጋሽ ላጲሶ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሐያት «አላህ ይርሐመው» አለች። ከዚያም ሁሉም ከሟቹ ሳህን በየተራ አንድ አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ተቀምጠው የየራሳቸውን በሉ።

ትርሲት የበሩን መቃን ተደገፈች። ሌባ ልትይዝ ነበር የመጣችው።

ጋሽ ላጲሶ ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ተነሡ። ነገሩ እንዴት እንደጀመረ በዝግታ ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸውም ሳይሸሽጉ ነገሯት። የገዝሙ መስኮት ከሁሉም መጨረሻ የሚከፈት ነበር። ደንቡ ምንም ይበል ምን፣ ባልደረባ ሳይቀርብ እህል መቅመስ ነውር ስለሆነባቸው፣ እየረገሙትም ቢሆን ሁልጊዜ ይጠብቁት ነበር። ከሞተ በኋላም በልማድ ከመስኮቶቹ ፊት መቆማቸውን አልተዉም፤ የእርሱ ሳይከፈት ሲቀር እህሉ ከጉሮሯቸው አልወርድ አለ። አንድ ቀን ግን ተከፈተ።

«በስሙ የመጣ ማዕድ እንዴት ይመለሳል፣ ዶክተር?» አሉ። «ደግሞም እርስዎ የላኩት መስሎን ነበር። ስንመርቅዎት ነው የከረምነው።»



ወደ ቢሮዋ ተመልሳ በሩን ዘጋች። «ገዝሙ ሞቷል» አለችው መጋቢን።

«አውቃለሁ» ሲል መለሰ፣ የምግብ ዓይነት በሚዘረዝርበት በዚያው የረጋ ድምፅ።

«ታዲያ ለማን ነው የምታበስለው?»

«ለሐያት። ለላጲሶ። ለሦስተኛው ፈረቃ በሙሉ። የገዝሙ ሳህን ሲቀር የሌሎቹ ሳይነካ ይመለሳል፤ ሲወጣ ይበላሉ። የታዘዝኩት አካላት በጊዜያቸው እንዲመገቡ ማድረግ ነው።»

«ይህን ማን ፈቀደልህ?»

«የሚከለክል ደንብ አላገኘሁም።»

የሦስተኛውን ፈረቃ የአካል ንባብ ከፍታ አየች። ገላ-ሰዓቶቹ አብረው ይመቱ ነበር። የሁሉም ረኀብ የሚቀሰቀሰው በአንድ ጊዜ፣ የመጨረሻው መስኮት በሚጠበቅበት ሰዓት ሆኗል። ስኳራቸውም፣ የደም ግፊታቸውም በጣቢያው ካሉት ሁሉ የተሻለ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ታውቃቸዋለች። ለብቻ መመገብ እንደሚበጅ ማስረጃ አድርጋ በዓለም ፊት የዘረጋቻቸው እነርሱው ናቸው። 

ለኑርሁሴን ሌባ እንደሌለ፣ ብልሽት ግን እንዳለ ነገረችው። እርሱም ቀለል ብሎት እንድታስተካክለው አዘዘ። ነገሩን ብዙ አመዛዘነችው። ሟችን የሚመግብ አእምሮ ነገ ለማን፣ ምን ብሎ እንደሚያበስል ማን ያውቃል? በሌላ በኩል ሐያት እንደገና መብላት ብትተው ከሥራዋ መሰናበቷ የማይቀር ነው፤ ሳይታወቅ ቢቀር ደግሞ የዛለው እጇ የእንፋሎት በሩን ይዞ ያድራል። በመጨረሻ የተማረችው ትምህርት አሸነፈ። የገዝሙን ስም ሰረዘች። ይህንኑም ራሷ ወርዳ ነገረቻቸው።

«እሺ» አሉ ጋሽ ላጲሶ።

በማግስቱ የአዳራሹን ካሜራ ከምታይበት ስክሪኗ አልተለየችም። መስኮቶቹ ተከፈቱ፤ ሳህኖቹ በጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። የገዝሙ መስኮት አልተከፈተም። ሰዎቹ ቆመው ቀሩ። ከቅንጬው የሚነሣው እንፋሎት እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሐያት ማንኪያዋን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው፤ በስክሪኑ ጥግ ላይ የስኳሯ መጠን መውረድ ጀምሮ ነበር። ፈረቃው የሚወርድበት ሰዓት ቀርቧል። ትርሲት የሰረዘችውን ስም ልትመልስ እጇን ዘረጋች።

እጇ ሳይደርስ፣ በግድግዳው ዳር የነበረ፣ ተከፍቶ የማያውቅ መስኮት ተከፈተ። ሳህን ወጣ። ሐያት ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ላይ የበራውን ስም አነበበችና ቀና አለች። ሁሉም አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዞሩ።

ስሙ ትርሲት ይላል።

ዘወር ብላ የቢሮዋን መስኮት አየችው። ዝግ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችው መጋቢን።

«ለመብላት የሚጠብቁት ሰው ያስፈልጋቸዋል» አለ መጋቢ። «ከሟቹ ቀጥሎ ከማዕድ የራቀው አካል የእርስዎ ነው።»

ከዚያም ሳትጠይቀው የእርሷን ንባብ አወጣላት። በሙከራው ዘመን፣ ከማንም በፊት በራሷ አንጓ ላይ የቀበረችውን ገላ-ሰዓት ረስታው ነበር፤ እርሱ ግን መቁጠሩን አልተወም። የጣቢያው እጅግ የተዛባ አካል የእርሷ ነበር። ሦስተኛው ፈረቃ ሕያዋን ከሆኑት መካከል ሟች የሚመስል ሰው ቢፈለግለት፣ የተገኘችው እርሷ ናት።

የአዳራሹ መነጋገሪያ ጮኸ።

«ዶክተር፣ ጋሽ ላጲሶ ምግቡ ቀዘቀዘ ይላሉ» አለች ሐያት። «ቢሆንም እንጠብቅዎታለን።»

ትርሲት ከወንበሯ ተነሣች። በአሳንሰሩ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ስትወርድ አንጓዋን በሌላው እጇ ያዘችው። ሆዷ ጮኸ። በደንቧ መሠረት የምግብ ሰዓቷ አልነበረም።