የአቶ ገብረየስ ቁርስ

የካቶሊኮች የቅዱስ ቁርባን ዑደት በባሕር ማዶዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎዳና፣ በዚያ ሙቀት እየተጓዘ ሳለ፣ በቁርባኑ ላይ የተዘረጋውን ድባብ ከተሸከሙት አንዱ አቶ ገብረየስ ዘንጉን እንደጨበጡ ወደቁ። ከፊት መዝሙሩ ቀጠለ፤ ከኋላ እሪታ ሆነ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር። ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ ነው ተባለ።

በማግስቱ ልጃቸው ናዝራዊት እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ለምትኖረው ለቤተሰቡ ወዳጅ ለልሳነወርቅ ደወለች። ልሳነወርቅ አዲስ አበባ የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ እሷ ጡረታ ብትወጣም ዓይኗ ግን ጡረታ አልወጣም። ለቅሶ ቤቱ ስትደርስ የናዝራዊት ታላቅ ወንድም አዶኒያስ እየጮኸ ነው።

«ኢንሱሊኑን የወጋችው እሷ ናት! ዶዙን አብዝታ ነው የገደለችው!»

ናዝራዊት አልተከራከረችም። «እትዬ ልሳነወርቅ፣ አባባን ገድዬ ከሆነ ይንገሩኝ። ሳላውቅ መኖር አልችልም።»

ልሳነወርቅ የተወጋውን የመጨረሻ መጠን የሚመዘግበውን የኢንሱሊን መርፌ አገላብጣ አየችው፤ መጠኑ ሐኪሙ ካዘዘው ዝንፍ አላለም።

«አባትሽ ቁርስ በልተው ነበር?»

«አዎ። ደረቅ የተጠበሰ ዳቦና እንቁላል ሰጥቻቸው ሻወር ገባሁ። ስወጣ ሳህኑ ባዶ ነው። ከዚያ ወጋኋቸው። ጥርሴን አቀብይኝ ሲሉኝ ሰው ሠራሹን ጥርስ ከብርጭቆው አውጥቼ ሰጠኋቸውና ወጣን።»

እዚያው ቤት ምድር ቤት የሚኖሩትና ድባቡን አብረው የተሸከሙት የሟቹ አብሮ አደግ፣ ጋሽ ምናሴ፣ ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል። ከትናንቱ ሞት ወዲህ እህል አልቀመሱም።

«ጋሽ ምናሴ፣ እሑድ ሳይቆርቡ አይውሉም። ትናንት ግን እንዳልቆረቡ ቄሱ ነግረውኛል፤ ለምን?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ድባብ ለመሸከም ግን አልደከመዎትም።»

ቄሱ አባ ኪራኮስ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ልሳነወርቅ ቤተሰቡን አስቀመጠች።

«መድኃኒቱ ልክ ነው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን የአቶ ገብረየስ ጥርስ ብርጭቆ ውስጥ ነበር፤ ደረቅ ዳቦ ደግሞ በድድ አይበላም። እሳቸው አልበሉም።»

«ከቁርባን በፊት የአንድ ሰዓት ጾም ይበቃል፤ ሕመምተኛ ያም አይገደድም ብያቸው ነበር» አሉ አባ ኪራኮስ።

«እሳቸው ግን እንዳገራቸው ልማድ ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ጾሙ። መርፌ ጾም አይሽርምና ዝም ብለው ተወጉ። ቁርሱን የበላው ሌላ ሰው ነው። እሱም ያንኑ ልማድ የሚጠብቅ ነው፤ እህል ስለቀመሰ ሊቆርብ አልደፈረም።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ምናሴ ዞረ።

«ብላልኝ፣ ልጄ እንዳትቆጣኝ አለኝ» አሉ ሽማግሌው። «መርፌው ያለ ምግብ እንደሚገድል ባውቅ ሳህኑን እሰብረው ነበር። ወንድሜን በገዛ አፌ በላሁት!»

አዶኒያስ እኅቱ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ናዝራዊት አነሣችው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ዳቦና እንቁላል በዚያው ሳህን ይዛ ተመለሰች።

«ይብሉ፣ ጋሼ። ሌላ አባት አልቀብርም።»

ናዝራዊት እያለቀሰች አጎረሰቻቸው፤ እሳቸውም እያለቀሱ ዋጡ።