ቡናማው ጥጥ

ዶክተር ዞግራፊያ ሃልዱ የሞተችው በምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ፣ የታካሚ ወንበር ላይ፣ አፏን እንደከፈተች ነው። መርማሪ ስታማታ ቩልጋሪ ተሰሎንቄ መሃል ያለው ክሊኒክ ስትደርስ፣ ነርሷ አሲሚና እጇ በካቴና ታስሮ ታለቅሳለች።

«ማን እሰሯት አለ?»

«ፕሮፌሰሩ ናቸው የጠቆሙን» አለ ፖሊሱ።

የስታማታ ደም ፈላ። ትልቅ ሰው በጠቆመ ቁጥር ትንሽ ሰው ሲታሰር ማየት አንገፍግፏታል። ካቴናውን አስፈታችና ፕሮፌሰሩን አስጠራች።

ፕሮፌሰር ሌአንድሮስ ኪሪያዚስ የሟችን ጥርስ ሥር ሲያክም የነበረው ሰው ነው። የጥርስ ማጣበቂያ ፈልስፎ ስሙ የገነነ፣ አፉ ቅቤ የሆነ ሰው።

«የገደላት አለርጂ ነው» አለ። «ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መድኃኒት እንደማይስማማት እዚህ ቤት የማያውቅ የለም። እኔ የጥርስ ሥር ከሚታጠብበት በረኪናና ከውሃ በቀር አልነካኋትም። ይቺ ዝርክርክ ነርስ ጓንቷን ነክራበት ይሆናል።»

«መድኃኒቱ ክሊኒኩ ውስጥ አለ?»

«ከከለከልኩ ቆየሁ። የለም።»

«ታዲያ ጓንቷን የት ነከረችው?»

ሌአንድሮስ ትከሻውን ሰበቀ።

ኮሪደሩ ላይ የሟች ባል ፓቭሎስ የሚስቱን ቦርሳ አቅፎ ተቀምጧል።

«ጠዋት ስትጨቃጨቁ ተሰምታችኋል» አለችው ስታማታ።

«ልክ ነው። ከሌአንድሮስ ጋር አትጋጪ እያልኩ ነበር። ማጣበቂያው እንደማይረባ ልታጋልጥ ነበራ። ጥርሳችን ውስጥ ኢንዛይሞች ተኝተው ይኖራሉ። ሐኪሙ ለማጣበቂያው ብሎ አሲድ ሲቀባ ይነቁና፣ ጥርሱን ከሙሌቱ ጋር የያዘውን ስስ ክር ይበሉታል። ከዚያ ጥርሱ ከሥር እንደገና ይበሰብሳል። ስንት ሕፃን እንዲህ ጥርሱን አጣ መሰለሽ።»

«መላ የለውም?»

«አለው እንጂ! ያው ክሎርሄክሲዲን ኢንዛይሞቹን ያስተኛቸዋል። ለእሷ መርዝ ቢሆንም ለልጆቹ ይሰጥ ብላ ለመነችው። እሱ ግን መድኃኒቱን ከተጠቀምን ማጣበቂያዬ ጉድለት አለው ማለት ነው ብሎ ከለከለ።»

«እንዲህ ተጣልተው ለእሱ አፏን ከፈተች?»

«ባልደረባ ባልደረባውን ያክማል፤ የክሊኒኩ ልማድ ነው። ሌላ ሐኪም ጋ መሄድ እንደ ስድብ ይቆጠራል። እኔም ለእርቅ ይሆናል ብዬ ሂጂ አልኳት።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ስታማታ ወደ ሕክምናው ክፍል ተመልሳ ቆሻሻ መጣያውን ገለበጠች። የወጣው ጥጥ ሁሉ ዝገት የነካው ይመስል ቡናማ ነው። ደም ግን አልነበረም። ጥጡን ለምርመራ ላከች፤ ውጤቱ ሲመጣ ሁሉንም በዚያው ወንበር ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«በረኪና ጥጥ ያነጣል እንጂ ቡናማ አያደርግም» አለች። «ምርመራው እንዳረጋገጠው፣ ከክሎርሄክሲዲን ጋር ሲገናኝ ነው እንዲህ የሚሆነው። መድኃኒቱ የገባው በጓንት አይደለም፤ በቀጥታ ጥርሷ ሥር ነው።»

«እንግዲያው አሲሚና ውሃውን በመድኃኒቱ ለውጣዋለች» አለ ሌአንድሮስ ሳይዘገይ።

«መለወጥስ ትችል ነበር። ጥርሷን አጎንብሶ ሲያይ የነበረው ግን ማነው? ይህን ቀለም ያየ ሐኪም ወዲያው እጁን እንዲያነሳ ለተማሪ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት። አንድ ጥጥ ብቻ ቢሆን ሳላየው ቀረሁ ይሉኝ ነበር። እርስዎ ግን ጠርገው ጨመሩ፣ ጨምረው ጠረጉ። ያልጠበቀው ሰው ይደነግጥ ነበር። ለእኔም ከበረኪናና ከውሃ በቀር ብለው ዋሹኝ።»

ፖሊሱ ከፕሮፌሰሩ ቢሮ መሳቢያ ያገኘውን የክሎርሄክሲዲን ጠርሙስ ይዞ ገባ። አሲሚና ካቴና የላጠውን የእጅ አንጓዋን እያሻሸች ሌአንድሮስን ትኩር ብላ ታየዋለች።

ስታማታ ካቴናውን አነሳች። ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለት አስጠላት።

«ለእነዚያ ሁሉ ሕፃናት የነፈግከውን መድኃኒት» አለችው፣ «የሰጠኸው ለእሷ ብቻ ነው። እጅህን አምጣ።»