መቶ አለቃ አስገዶም ሥራ ያቆሙ ሰሞን

ጎዳይፍ በሚባለው የአስመራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ መቶ አለቃ አስገዶም የሚባሉ የፖሊስ መርማሪ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሌባና ቀማኛ ሲያድኑ ኖረው፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ታጋዮች አስመራ ሲገቡ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ አስረከቡ። የተረከባቸው ታጋይ በትሕትና «ከእንግዲህ ቤትዎ ይረፉ» አላቸው። ማረፍ ግን እንዴት ነው? በማግስቱም እንደ ወትሯቸው ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን ወልውለው ፌርማታው ላይ ቆሙ። አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ። ሌላም መጣ... የት እንደሚሄዱ አያውቁም። ከተማው ይጨፍራል፣ ጎረቤቱ እልል ይላል፤ እሳቸው ከተደሰቱት ወገን ይሁኑ ከተሸነፉት መለየት አቃታቸው። የወደቀው መንግሥት ፖሊስ ነበሩ፤ የታጋይም አባት ነበሩ።

አዎን፣ አንድ ልጃቸው ሉዋም በአሥራ ሰባት ዓመቷ ታጋዮቹን ተቀላቅላ ሜዳ ከወጣች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያን ጊዜ አለቆቻቸው «ልጄ አይደለችም» የሚል ወረቀት አቀረቡላቸው። ፈረሙ። ባለቤታቸው ትርሓስ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አብራቸው ማዕድ አልቆረሰችም። ባለፈው ዓመት ከተማዋ ስትከበብ የስኳር በሽታዋ መድኃኒት ጠፋ። ስንቱን የተሰወረ ሰው ያገኙት መርማሪ፣ ከእዳጋ ሓሙስ እስከ ሓዝሓዝ በየፋርማሲው ዞረው አንዲት ብልቃጥ አጡ። ትርሓስ የልጇን ስም እየጠራች አረፈች።

በሰኔ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ፀሐይ ያጠቆራት፣ ጠመንጃ ያነገተች ሴት ቆማለች። መቶ አለቃው ተደናግጠው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጧት።

«ኣቦይ... ሉዋም ነኝ።»

ይቀፏት? ይቅርታ ይለምኗት? ከበሩ ዞር ብለው አስገቧት።

«እናቴስ ደሓን ናት?»

አንገታቸውን ደፉ። ሉዋም ገባት፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች።

«ልጄ፣ ሌላም አለ» አሉ መቶ አለቃው በመጨረሻ። «ልጄ አይደለችም ብዬ ፈርሜብሻለሁ። እናትሽም ሳትምረኝ ሞተች።»

ሉዋም ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔም ሜዳ ስለ አባቴ ሲጠይቁኝ ፖሊስ ናቸው ማለት ፈርቼ፣ ሞተዋል አልኩ። በምን በሽታ እንደሞቱም ነገርኳቸው።»

አባት ልጅ የለኝም ብሎ፣ ልጅም አባቴን ቀብሬያለሁ ብላ... ታዲያ ማን ማንን ይቅር ይበል? ጎን ለጎን ተቀምጠው አለቀሱ።

በማግስቱ ወደ ትርሓስ መቃብር ሲሄዱ ቃለጽድቅ የተባለ የትግል ጓደኛዋ አገኛቸው።

«እኚህ ማን ናቸው?» ሲል ጠየቃት።

«አባቴ ናቸው።»

«ሞተዋል አላልሽንም ነበር?»

«ዋሽቻችሁ ነው። ፖሊስ ነበሩ።»

መቶ አለቃው መንገድ መሐል ቆመው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ትርሓስ ይህን ለመስማት የጎደላት አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ዕድል ያን አንድ ዓመት ለምን ነፈገቻት? ማንስ ይመልሰዋል... ሉዋም ክንዳቸውን ያዘች። ከነገ ጀምሮ ምን ሆነው እንደሚኖሩ አሁንም አያውቁም፤ ቢሆንም ተከተሏት።