የዝምታው ገበያ ዋጋ

የዘርመኔ መንግሥት የንግድ ታሪክ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የቂሎች ታሪክ ነው። የጥንት ነገሥታቱ ከባሕር ማዶ ሰዎች መስታወት ተቀብለው ደናቸውን ሰጡ፤ ልጆቻቸው ደግሞ ዶቃ ተቀብለው ወደባቸውን ሰጡ። ከዚያ ሁሉ ኪሳራ የተረፈ አንድ የጨዋ ንግድ ቢኖር፣ ከጉም ሰዎች ጋር የነበረው ነው።

ዘርመኔዎች በድንበሩ ጥቁር ድንጋይ ላይ ወርቅ አኑረው ዞር ይላሉ። ፊታቸው ታይቶ የማያውቀው የጉም ሰዎች ወርቁ ከበቃቸው አጠገቡ ጨው ከምረው ይሰወራሉ፤ ካልበቃቸው ምንም አያኖሩም። ዘርመኔዎች ጨዉን አንሥተው ወርቁን ይተዋሉ። ቃል የለ፣ ዳኛ የለ፤ ማንም ማንንም አታልሎ አያውቅም ነበር።

ንጉሥ ጉልማር ነገሠና ጨዉንም ወርቁንም አስጫነ። «ተላላ ሁሉ!» ብሎ ሳቀ። አይ ብልህ! በዚያው ቀን ጥቁሩ ድንጋይ ጮኾ ተሰነጠቀ፤ ጨዉም ቀረ። ከብቱ አለቀ፤ ሕፃናት እንደ ቅጠል ጠወለጉ። ንጉሡስ? ውዳሴውን ያዘፍን ነበር።

ልጁ ናርዲት በአደባባይ ማለች፦ «የአባቴን ነውር በአንገቴ ተሸክሜ እወጣለሁ። ጨው ሳላስመጣ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!»

መኳንንቱ ሁሉ ድንገት ታመሙ። የተከተላት አሮጌው የሲራራ መሪ ሸንቁጥ ብቻ ነው። በመንገድ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ገጠማቸው፤ እሷ ዓይኑን በጦር ወግታ ጣለችው፤ እሱ ከበቅሎ ሆድ ሥር ሆኖ ስለት ተሳለ።

ከድንጋዩ ደርሰው ወርቅ አኖሩ። ዞር ብለው ሲመለሱ ጨው የለም። የአንገቷን ሐብል ጨመረች፤ አሁንም የለም። ሰርቃ ያመጣችውን የአባቷን ዘውድ አከለች፤ እሱንማ ጉሙ እግሯ ሥር መልሶ ወረወረላት።

«ለካ ዋጋውን ያውቁታል!» አለ ሸንቁጥ።

ናርዲት ግን አልሳቀችም። «አያ ሸንቁጥ፣ ወርቅ የሰጠ ነገ መልሶ ይሰርቃል። ልጁ በእጃቸው ካለች ግን አይደፍርም።» ይህን ብላ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«እመቤቴ፣ ኧረ በፈጠረሽ!»

«ዞር በል። ሕጉ ነው።»

ሲመለስ የድንጋዩ ስንጥቅ ገጥሟል፤ ከጎኗ ጨው ተራራ አክሏል። ካነሣው እሷን መስጠቱ ነው፤ ከተወው ሕፃናቱ ያልቃሉ።

«አንሣ!» አለችው።

እያለቀሰ ጫነ። ቀና ሲል ድንጋዩ ባዶ ነበር።

ሕፃናቱ ዳኑ። ንጉሡ ግብር አበላና ጨው የነካውን ሥጋ እያላመጠ «አያችሁ? ፈርተውኝ ነው!» ብሎ ፎከረ። ኋላ ግራ ቀኙን ቃኘ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ልጄስ?»

ሸንቁጥ ያን ቀን አልፈራም።

«ይኸው እርስዎ እያላመጧት ነው፣ ንጉሥ ሆይ። ጣፈጠችዎት?»