ለአባባ ሆድ የተደረገ ጸሎት

«አቦ፣ ምንድነው ይሄ ሽታ?» አለ ሄኖክ፣ አፍንጫውን በሒሳብ ደብተሩ ሸፍኖ።

ፋና እርሳሷን አስቀመጠች። ሽታው ከየት እንደመጣ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከመጋረጃው ወዲያ፣ አያቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት ክፍል ውስጥ፣ አሮጊቷ ድመት ምንጣፉ ላይ ጉድ አፍልታለች።

ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና አብረዋት ሊያጠኑ የመጡት ሄኖክና ማክዳ ናቸው። ማክዳ የትምህርት ቤትም የቤተ ክርስቲያንም ጓደኛዋ ናት። ሄኖክ ደግሞ ባለፈው ወር ፋና ድመቷን በዘንቢል ይዛ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ስትሄድ መንገድ ላይ አግኝቷት፣ «የድመት ነርስ!» ብሎ ጮኾ የባጃጅ ተራውን ሁሉ አስቆባታል። ስሙ ክፍል ድረስ ተከትሏት ሳምንት ሙሉ አልለቀቃትም። አሁን የድመት ተቅማጥ እንደምትጠርግ ቢያውቅ ምን ሊላት ነው?

«አባባ ናቸው» አለች በሹክሹክታ።

«እንዴት?» አለች ማክዳ።

«አርጅተዋል እኮ። አንዳንዴ ሽንት ቤት ሳይደርሱ ያመልጣቸዋል።»

ሄኖክ ደብተሩን ከአፍንጫው ላይ አወረደ። ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር ጠፋ። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም» አለ። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሒሳባቸው ተመለሱ። ፋና በልቧ ተረፍኩ አለች።

አባባ ቦልቴ፣ ሃላሌ በምትባል የወላይታ ከተማ ሃያ ስምንት ዓመት አስተምረው በርእሰ መምህርነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍር የሚያዩ፣ ኮሌታ የሚገለብጡ፣ እስከ ዛሬም ሸሚዛቸውን ራሳቸው ሳይተኩሱ ከቤት የማይወጡ። ልጃቸው ዘንድ ሶዶ ሲመጡ ድመቷንም ይዘዋት መጡ። ቢሯቸው ውስጥ ወረቀት ታቅፋ ስለምትተኛ ስሟን «ጸሐፊ» ብለዋታል። ጸሐፊ ዘንድሮ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ፋናን በአንድ ዓመት ትበልጣታለች። አንድ ዓይኗ ስለፈዘዘ የሰፈር ውሻ እንዳይነክሳት ከቤት አትወጣም። ሆዷ ደግሞ አንድ ቀን ይደርቃል፣ አንድ ቀን ይለቀቃል።

የእንስሳት ሐኪሙ ከላምና ከበሬ ወረፋ መሃል ድመት ብቅ ስትል መጀመሪያ ሳቀ። ቁም ነገሩን ግን አልደበቀም። «አንጀቷ ነው። በዚህ ዕድሜ አይድንም፣ በምግብ ግን ይያዛል። ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። የተቀቀለ ሥጋ፣ ከዱባ ጋር፣ በትንሽ በትንሹ።» ወላይታ ቤት ተቀምጦ ቅቤ የለም መባል ለድመትም ይከብዳል! ጎረቤቱ ሁሉ «ሆዷን በቅቤ አለስልሱላት እንጂ» እያለ አባባን ይጨቀጭቃቸዋል። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍላቸው ዱባውን መቀቀልና ድመቷ የምትጸዳዳበትን የካርቶን አመድ መቀየር የፋና ሥራ ሆነ።

ጓደኞቿ ሊያጠኑ በመጡበት ማክሰኞ ፋና ዱባ አልቀቀለችም። ቤት ስትጠርግ፣ ፀጉሯን ስታስተካክል ሰዓቱ ሄደባትና ከቁርስ የተረፈውን ወተት ለጸሐፊ ገለበጠችላት። ጸሐፊም ጢሟን ነክራ ጥርግ አድርጋ ጠጣች። እውነቱ ከተነገረ ጥፋቱ የድመቷም አልነበረም።

ጓደኞቿ ከሄዱ በኋላ ምንጣፉን ከክፍሉ አውጥታ ስታጥብ አባባ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ወተት ሰጠሻት?»

«ኧረ አልሰጠኋትም!»

ይህኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀሎ ወጣላት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የፋና ውሸት ግን ሲያድር ከበደ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በሰው እግር ቤቷ ድረስ መጣ። በሩ ተንኳኩቶ ስትከፍት የማክዳ እናት ወይዘሮ አሳየሽና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ይስሐቅ ቆመዋል። ከኋላቸው ማክዳ አለች። ወይዘሮ አሳየሽ የሕሙማን ጥየቃ ቡድን ሰብሳቢ ናቸው። እዚህ አገር ሰው ታሞ ሳይጠየቅ ከቀረ ነውሩ የጠያቂው ነው። ማክዳም በክፋት አላወራችም፤ «ጸልዩላቸው» ብላ ለእናቷ ነግራ ነው። የፋና እናት ሱቋ ውላለች፣ ቤት ያሉት አባባና ፋና ብቻ ናቸው።

«ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ ሰላምታ ሰጥተው ገቡ። አባባ እንግዳ ይወዳሉ። አቶ ይስሐቅን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «አንተ! ሃላሌ፣ አምስተኛ ክፍል!»

«አዎ መምህር። ጥፍሬ ቆሽሾ ሰልፍ ላይ ያወጡኝ እኔው ነኝ» አሉ አቶ ይስሐቅ፣ ሽበታቸውን እያሻሹ። ሁሉም ሳቁ። ፋና ብቻ አልሳቀችም። ወይዘሮ አሳየሽ ከቦርሳቸው የሚያወጡትን እሽግ እያየች ነበር።

«አይፈሩ መምህር» አሉ ወይዘሮ አሳየሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናቴም በመጨረሻ ዘመኗ እንዲሁ ነበረች። ይሄ ለትልቅ ሰው የሚሆን ዳይፐር ነው። ሲተኙ ቢያደርጉት ያሳርፍዎታል።»

አባባ መነጽራቸውን አደረጉና እሽጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። አስተማሪ ናቸው፤ ሳያነቡ ምንም አይቀበሉም። ከዚያ ቀና ብለው ፋናን አዩዋት። ቀጥለው ምንጣፉ ለእጥበት የተነሣበትን ባዶ ቦታ አዩ፤ ቀጥለው ድመቷን። ገባቸው።

ፋና እስከ ጆሮዋ ጋለች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። እሳቸው ይናገሩና ይገላግሉኝ ብላ ጠበቀች።

«ጋላታይስ» ብለው አባባ በወላይትኛ አመሰገኑ። «ተቸግራችኋል።» እሽጉንም ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

አቶ ይስሐቅ እጃቸውን የመምህራቸው ሆድ ላይ አድርገው፣ ጌታ አንጀታቸውን እንዲጠግን፣ ክብራቸውን እንዲጠብቅ እንባ እየተናነቃቸው ጸለዩ። ወይዘሮ አሳየሽ «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። ፋና ዓይኗን መጨፈን አቃታት። አባባም አልጨፈኑም፤ ግድግዳውን ያያሉ። ጸሐፊ ከአልጋው ሥር ወጥታ፣ ጸሎቱ የማን እንደሆነ ያወቀች ይመስል፣ መሃላቸው ተጋደመች።

«ነገ ደግሞ ጉባኤው ፊት ስምዎን ጠርተን እንጸልይልዎታለን» አሉ ወይዘሮ አሳየሽ ሲነሱ። አባባ እሺ አሉ።

ሰዎቹ ሲወጡ ፋና በቆመችበት ቀረች።

«ማክሰኞ፣ ልጆቹ የመጡ ጊዜ ነው?» አሉ አባባ።

«አዎ።»

«ሳቁብሽ?»

«ሊስቁብኝ ነበር።»

አባባ እሽጉን ከጭናቸው አንስተው አልጋው ላይ አስቀመጡት። «በይ ተዪው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሽማግሌ ቢያመልጠው ማንንም አይደንቅም። አንቺ ሰኞ ክፍል ትገቢያለሽ።»

ቢቆጧት ትችለው ነበር። እሳቸው ግን አልጋውን ተደግፈው ተነሱና፣ ለእሑድ ተኩሰው ሚስማር ላይ የሰቀሉትን ኮት አውርደው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት።

«ነገ ቤት እውላለሁ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት። «ጉልበቴንም አሞኛል።»

ጉልበታቸውን ሁልጊዜ ያማቸዋል። እሑድ ቀርተው ግን አያውቁም። ፋና በራሷ አፈረች፣ እንባዋም መጣ። እሽጉን ከአልጋው ላይ አንስታ በነጠላ ጫማ ሮጠች።

እንግዶቹ አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ውስጥ ሊገቡ ነው።

«ጠብቁኝ!»

«ምነው ልጄ፣ ባሰባቸው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አሳየሽ ደንግጠው።

«አልታመሙም» አለች ፋና፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ድመቷ ናት። ሐኪም የከለከላትን ወተት ሰጥቻት ነው። ለማክዳና ለሄኖክ አባባ ናቸው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

የባጃጁ ሾፌር ሳይቀር ዞሮ አያት። አቶ ይስሐቅ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ። ማክዳ ቀላች፤ ከዚያ ተቆጣች።

«እኔ እኮ አልቅሼ ነው የጸለይኩላቸው» አለች።

ፋና እሽጉን ለወይዘሮ አሳየሽ ዘረጋች። እሳቸው አልተቀበሏትም።

«ይሄን መንገድ ላይ አይደለም የምትነግሪን» አሉ። «የተዋረዱት እዚያ ቤት ነው፤ እዚያው እሳቸው ፊት ትደግሚዋለሽ። እኛም ይቅርታ እንላቸዋለን።» ሾፌሩን «ጠብቀን» ብለው ወደ ቤቱ አቀኑ።

ፋና ከፊት ከፊት ሄደች። ማክዳ ወደ ኋላ ቀርታ ስልኳን ስታወጣ አየቻትና ቆመች።

«ለሄኖክ እንዳትጽፊለት» አለቻት። «ሰኞ ራሴ እነግረዋለሁ። እዚያው ክፍል ውስጥ።»

ማክዳ አየት አደረገቻትና ስልኩን መለሰችው።

ፋና የአያቷን መጋረጃ ገለጥ አደረገች። አባባ ጸሐፊን ጭናቸው ላይ አድርገው ሆዷን ቀስ ብለው እያሹ ነበር።

«አባባ» አለች። «እንግዶቹ ተመልሰዋል። የምናገረው አለኝ።»