መብራት የቆረጠው ምክር

የተስፋነህን ስንብት ደብረ ታቦር ያነበበው አስከሬኑ ከመገኘቱ በፊት ነው። ማለዳ ላይ በቴሌግራም ቻናሉ «ደክሞኛል፤ ይቅር በሉኝ፤ ደህና ሁኑ» የሚል መልእክት ወጣ። ስለ ኢንተርኔት በየቀኑ አንድ ምክር ሲጽፍ የኖረ ልጅ ስለሆነ፣ ተከታዮቹ ቻናሉን ሊዘጋ መስሏቸው ነበር። «ኧረ አትተወን!» ብሎ የመለሰለት ሁሉ ኋላ ወሬውን ሲሰማ ደረቱን መታ።

ኢንስፔክተር ዓይናለምም ከተከታዮቹ አንዷ ነበረች። የይለፍ ቃሏን በቢሮ ኮምፒውተር ላይ እንዳታስቀምጥ፣ መብራት ሲሄድ የጠፉ ገጾችን እንዴት እንደምትመልስ የተማረችው ከእሱ ነው። ፊቱን አይታው አታውቅም። ያየችው ዛሬ ጠዋት ነው፤ በኮምፒውተር ቤቱ የጓዳ ክፍል፣ ጠባብ አልጋ ላይ፣ ሹራቡን እንደለበሰ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ደንበኞች የሚቀመጡበት የፊቱ ክፍል ወለሉ ቀይ ሰም የተቀባ ሲሚንቶ ነው። ተስፋነህ የሚያድርበትና የሚሠራበት የጓዳው ክፍል ደግሞ ወለሉ ፕላስቲክ ተነጥፎበታል፤ መስኮት የለውም። ከአልጋው እግርጌ አመዱ የቀዘቀዘ ማንደጃ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር በርቷል፤ ስክሪኑ ላይ የከሰል ጭስ ሰውን እንዴት እንደሚገድል የሚያስረዳ ገጽ ተከፍቷል።

«ስንብቱን ጽፏል፤ ስለ ከሰል አንብቧል፤ በሩን ከሥር በብርድ ልብስ ወትፏል» አለ ኮንስታብል ሙላቴ። «ከዚህ በላይ ምን ይቀራል፣ ኢንስፔክተር?»

«እኔ እንጃ። አንተ ግን ምንም አላስቀረህም።»

አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ እናቱ እማማ እቴነሽ ከጋፋት ደረሱ። መንገዱን ሁሉ ሲያለቅሱ መጥተው ድምፃቸው አልቋል። ከጎናቸው የነፍስ አባታቸው ቄስ ይርጋ ቆመዋል። እማማ እቴነሽ የዓይናለምን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ራሱን ነው ወይ የገደለው?»

«ገና አላወቅኩም፣ እማማ።»

«አባ ፍትሐት አይፈታለትም አሉኝ።»

ቄስ ይርጋ መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ሥርዓቱ ነው። ራሱን ያጠፋ እንደሆነ እጄ ታስሯል። እስከ ማታ እጠብቃለሁ። አንቺ እውነቱን አምጪልን።»

አሮጊቷ እጇን አልለቀቁም። ጣቶቻቸው በረዶ ሆነዋል።

ዓይናለም መጀመሪያ ያነጋገረችው ምናለን ነው። የእማማ እቴነሽ የሟች እህታቸው ልጅ ነው። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተች ከተስፋነህ ጋር አንድ ጡት ተጋርተው፣ አንድ መደብ ላይ ተኝተው አድገዋል። ኮምፒውተር ቤቱንም አብረው ነው የሚሠሩት።

«አንተ ነህ ያገኘኸው?»

«እኔ ነኝ። ትናንት አሞት ነበር፤ ብርድ ብርድ ይለው ነበር። ከሰል አቀጣጥዬ አስገባሁለትና ገና በጊዜ ወደ ጋፋት ሄድኩ። እማዬ ጋ በሶላር መብራት ስንጫወት አምሽተን እዚያው አደርኩ።»

«ስትለየው ምን ያደርግ ነበር?»

«ምክሩን ይጽፍ ነበር። መቼ ሌላ ሥራ አለው?» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው።

«ጠዋትስ?»

«በሩን ስገፋው ከበደኝ። ብርድ ልብሱ ከውስጥ ተወትፎ ነበር። ገፍቼ ስገባ...» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ኮምፒውተሩን ነካኸው?»

«ኧረ በማርያም! እንደበራ ነው ያገኘሁት። ሲያነብ አድሮ መሰለኝ።»

ዓይናለም ብርድ ልብሱን አንስታ ወደ ብርሃኑ ወሰደችው። ግራጫ ነው። አንደኛው ጠርዙ ላይ ቀይ ነገር ነክቶታል። በአውራ ጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችውና መልሳ አስቀመጠችው።

ቀጥላ ያነጋገረችው የተስፋነህን እጮኛ ነው። ሕሊና ከደሴ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ደጁ ላይ ቆማለች፤ ግቢ ሲሏት አልገባችም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ።

«እንዴት?»

«ሥራዬ ወደ ሐዋሳ ተዛወረ። ትናንት ማታ በቴሌግራም ነገርኩት። "ይቺን ምክር ልጨርስና እመልስልሻለሁ" አለኝ። ጠበቅኩ። ቢጨንቀኝ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። እንቢ ማለቱ ነው ብዬ ተኛሁ።» ስክሪኑን ወደ ዓይናለም አዞረችው። «ይኸው። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው።»

ዓይናለም መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ስልኩን ኪሱ ውስጥ አግኝተነዋል። ባትሪው አልቆ ነው የጠፋው።»

«ታዲያ ስንብቱን በምን ጻፈው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው፣ ሕሊናዬ።»

ሦስተኛው ሰው መምህር ፋሲል ነው። ከትናንት በስቲያ እዚሁ ቤት ገብቶ ጮኾ፣ ጠረጴዛ ደብድቦ መውጣቱን ሠፈሩ ሁሉ ያወራል።

«አዎ፣ ጮኼበታለሁ! ምላሴን ይቁረጠውና» አለ ተቀምጦ ሳይረጋጋ። «አንድ ሌባ ኢሜይሌ ውስጥ ገብቶ፣ በእኔ ስም ውጭ አገር ላለው ወንድሜ "ልጄ ታሟል፣ ብር ልከህ ድረስልኝ" ብሎ ጽፏል። ልጄ እንደ ወይፈን እየዘለለ!»

«ተስፋነህን የጠረጠሩት ለምንድን ነው?»

«የይለፍ ቃሌ ያለው እዚህ ነዋ። ኢሜይሉን የከፈቱልኝ እነሱ ናቸው። "እኔ እረሳዋለሁ፣ እናንተው ያዙልኝ" አልኳቸው። አገሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ የቤት ቁልፍ ለጎረቤት እንደመተው ነው።»

«ተስፋነህስ ምን አለዎት?»

«አልተቆጣኝም። "መምህር፣ አጣርቼ ነገ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ" አለ።» መምህሩ ዓይኑን ጠረገ። «ነገ ያለው እንግዲህ ዛሬ ነው።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? ቤቴ በሻማ ፈተና ሳርም ነበር።»

«በሻማ?»

«እርስዎ ከተማ ውስጥ አልነበሩም? ራት ሳይቀርብ መብራት ሄዶ የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። ደብረ ታቦር በሙሉ ድቅድቅ ጨለማ ነበር።»

ዓይናለም በእርግጥም አልነበረችም። ይፋግ ለሥራ ሄዳ ከመኪና የወረደችው ጠዋት ነው። ቀስ ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳው ተመለሰች። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ የኮምፒውተሩን ሽቦ በዓይኗ ተከተለችው። ሽቦው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካል። በመሐል መብራት የሚያጠራቅም ነገር የለም።

«ሙላቴ፣ ስልክህን አውጣና የማደርገውን ቅረጽ።»

ተስፋነህ ባንድ የክረምት ቀን የጻፈውን ምክር አስታወሰች። «መብራት ሄዶ ገጻችሁ ቢጠፋ አታልቅሱ፤ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቲን አንድ ላይ ተጫኑ።» ሦስቱን ቁልፎች ተጫነች። ብሮውዘሩ ለአንድ አፍታ አሰበና የጠፉትን ገጾች ጎን ለጎን ደረደራቸው።

ዓይናለም አንብባ ስትጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሙላቴ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በፊቱ ክፍል ተሰበሰቡ። እማማ እቴነሽ ደንበኞች በሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው፤ ምናለ ከጎናቸው ተቀምጦ ትከሻቸውን ደግፏል። ሕሊና በዚህ ጊዜ ገብታለች። መምህር ፋሲል ግድግዳውን ተደግፏል። ቄስ ይርጋ አልተቀመጡም።

«እማማ» አለች ዓይናለም፣ «ልጅዎ ራሱን አልገደለም።»

አሮጊቷ አልጮኹም። ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ደፉ።

«ሐኪሙ ሌሊቱ ሳይጋመስ ሞቷል አለ። ስንብቱ የወጣው ግን ጠዋት ነው። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ኪሱ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ስንብቱ የተጻፈው በዚያ ኮምፒውተር ነው። ስለ ከሰል የሚያስረዳው ገጽም የተከፈተው በእሱ ነው። ይህ ኮምፒውተር ያለ መብራት አይሠራም። ትናንት ከራት በፊት መብራት ሄዷል፤ የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። መብራት ሲሄድ የጠፋ ኮምፒውተር፣ መብራቱ ስለመጣ ብቻ ራሱ አይበራም፤ ይህኛው ማብሪያውን ካልተጫኑት አይነሣም፣ እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። የሞተ ሰውም ተነሥቶ አያበራውም።»

«እና ማን አበራው?» አለ ፋሲል።

«መብራት መሄዱን ያላወቀ ሰው። እርስዎ በሻማ ፈተና ሲያርሙ ነበር፣ መምህር። ሕሊናም የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲጨልም አይታለች። ከጠየቅኳችሁ ከሦስታችሁ መካከል ከተማ ያላደረ አንድ ሰው አለ፤ ያደረው የሶላር መብራት ባለበት ቤት፣ ጋፋት ነው። "ሲያነብ አድሮ መሰለኝ" ያለኝም እሱ ነው።»

የምናለ እጅ ከእማማ እቴነሽ ትከሻ ላይ ተንሸራተተ።

«ደንግጬ ነው! ምን እንደተናገርኩ...»

«ቆይ። ብርድ ልብሱ ከውስጥ ተወትፎ ነበር አልከኝ። የጓዳው ወለል ፕላስቲክ ነው። የብርድ ልብሱ ጠርዝ ግን ቀይ ሰም ነክቶታል፤ አሁን የረገጥነው ይህ ሰም ነው። በሩ የተወተፈው ከዚህ ነው፣ ከውጭ። ውስጥ ያለ ሰው በተዘጋ በር አልፎ ከውጭ አይወትፍም።»

«በእሱ አካውንት እንዴት ይጽፋል?» አለች ሕሊና በቀጭን ድምፅ። «ተስፍሽ ሳይዘጋ አይነሣም ነበር እኮ።»

«አዎ፤ ሁልጊዜ ከአካውንቱ ወጥቶ ነበር የሚነሣው፤ ለእኛም ይህንኑ ነበር የሚመክረን። ትናንት ግን መብራቱ ጊዜ አልሰጠውም። ምናለ ጠዋት ሲያበራው አካውንቱ ክፍት ጠበቀው። ብሮውዘሩ የጠፉትን ገጾች ልመልስልህ ወይ ብሎ ጠይቆታል። ምናለ ጥያቄውን ዘጋውና አለፈ። እኔ መለስኳቸው። አንደኛው ገጽ የመምህር ፋሲል ኢሜይል ነው፤ ያለ ፈቃድ የገባው ስልክ የማን እንደሆነ ያሳያል። ያንተ ስልክ ነው፣ ምናለ።»

ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ። ምናለ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«"ነገ አብረን መምህር ቤት እንሄዳለን፤ ከእግሩ ወድቀህ ይቅርታ ትጠይቃለህ" አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ለእማዬም እነግራታለሁ አለ። ሰው ቢሰድበኝ ችዬ አድር ነበር። እማዬ ሌባ ናት፣ ሌባ ነው ያሳደገችው ስትባል ግን... ከሰሉ ገና እንዳልጋመ አውቅ ነበር። በሩን ስወትፈው ለምን እንደምወትፍ አላወቅኩም ብል እዋሻለሁ።»

እማማ እቴነሽ ዞረው አዩት። «ሰምቶህ ነበር?»

ምናለ ከአጠገባቸው ፈቀቅ አለ።

«ሰምቶኛል። ብርድ እንዳይገባበት የምወትፍለት መሰለው። ከውስጥ ሆኖ "ተባረክ፣ ወንድሜ" አለኝ።»

ያኔ ነው እማማ እቴነሽ የጮኹት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን ውጭ የቆመው ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ።

ዓይናለም ወደ ሕሊና ዞረች። «ሁለተኛው ገጽ ያላለቀው ምክሩ ነው፤ ሦስተኛው ግን ያንቺ ነው። ሐዋሳ የሚከራይ ቤት ሲፈልግ ነበር። ሁለት ክፍል ያለው፤ አንደኛው ለኮምፒውተር የሚሆን።»

ሕሊና በተቀመጠችበት ጎንበስ ብላ ፊቷን በጉልበቷ ውስጥ ደበቀች።

ሙላቴ ምናለን አስነሥቶ ወደ በሩ ወሰደው። ልጁ የለበሰው ስስ ሸሚዝ ነው። የደብረ ታቦር የከሰዓት ነፋስ በሩን ከፍቶ ገባ። እማማ እቴነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ ወደ ምናለ ሳይመለከቱ ተናገሩ።

«ጃኬቱን አልብሱት። ውጭ ብርድ ነው።»

ተስፋነህ በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረ። ቄስ ይርጋ ፍትሐቱን ሳያጎድሉ አደረሱለት። እማማ እቴነሽ እስከ መጨረሻው ቆመው አዳመጡ፤ ደጋፊ ሲቀርብላቸው በእጃቸው መለሱት።

ከቀብር መልስ ሕሊና ዓይናለምን አስፈቅዳ የሐሰቱን ስንብት ከቻናሉ ላይ አጠፋችው። በቦታው የተስፋነህን የመጨረሻ ምክር ለጠፈች፤ እሱ እየጻፈ ሳለ መብራት የቆረጠበትን።

«ልጨርስለት ይሆን?» ብላ ጠይቃ ነበር።

«እንዳለ ይሁን» አለች ዓይናለም።

እንዲህ ይላል፦ «ወዳጆቼ፣ የምታምኑት ሰው እንኳ ቢሆን፣ ኮምፒውተራችሁን ለሌላ ሰው ትታችሁ ስትነሡ መጀመሪያ»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሲመሽ ግን ከሥሩ ሰዎች ይጽፉ ጀመር። አንዱ ከአንበሳሜ፣ አንዷ ከይፋግ፣ ሌላው ከየት እንደሆነ ሳይናገር፣ ተስፋነህ ደጋግሞ ያስተማራቸውን ቃል እየጻፉ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሱለት።