የኋላ ካሜራ ለአባ

«ና! ና! ና! ትንሽ ወደ ግራ… በቃ!» ፋኢዛ የቫኑን ጎን በመዳፏ ደበደበችው። መኪናው ቆመ። ከኋላው የነበረው የአቮካዶ ጋሪ ለጥቂት ተረፈ፤ ባለጋሪው በስዋሂሊ አንድ ሁለት ነገር ብሏት ገፍቶ ሄደ።

ይሄ የመጨረሻው ነው አለች በልቧ። አባቷ አብዱልፈታ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ለሱቆች ጨርቅ ያመላልሳል፤ «አንገቴን ያመኛል፣ ዞሬ ማየት አልችልም» ስለሚል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ከመኪናው ኋላ ትቆማለች። የክፍሏ ልጆች የማታቱ ታክሲ ረዳት አድርገዋት «ማካንጋ» እያሉ ይስቁባታል። ፈተና ደርሷል፣ ባዮሎጂው ገና አልተነካም። ኧረ ሰለቻት! እግሯም ጉሮሮዋም ደክሟል። የኋላ ካሜራ ይገዛ ብላ ስትነዘንዘው ከርማ፣ ዛሬ ቅዳሜ ስለተሳካላት ነው ፓርክላንድስ ያለው የመኪና ዕቃ ሱቅ የመጡት።

«ካሪቡ ሙዜ! ይግቡ አባቴ!» አለች ሻጯ ላሚያ። እናቷ የሞያሌ ሰው ናቸው፤ አማርኛዋ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር ተደባልቆ ነው የሚወጣው። «ይሄ ሲምፕል ነው። ይሄኛው ደግሞ ናይት ቪዥን አለው፤ በጨለማ ድመት እንኳን አያመልጠውም። ፖዋ ሳና፣ በጣም አሪፍ!»

የመጀመሪያውን ከትንሽ ስክሪን ጋር አገናኝታ ወደ በሩ አዞረችው። ውጭ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ ማንዳዚ የሚበላው ልጅ እስከነፍርፋሪው ታየ። አባቷ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋና «ደህና ነው» አለ።

ላሚያ ሁለተኛውን ሰካች። ስክሪኑ ላይ ነጭ ነገር ብቻ መጣ። ፋኢዛ ካሜራውን ስታየው መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ አልተነሳም። ልትናገር ስትል አባቷ ቀደማት።

«ይሄማ ይሻላል! ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ይሄን እንውሰድ።»

ላሚያ በሳቅ ፈረሰች። «ሙዜ፣ እርስዎ ደግሞ ቀልደኛ ነዎት! ፕላስቲኩ እኮ አልተነሳም!»

አባቷም ሳቀ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ፋኢዛ ክው አለች። የመንገድ ምልክቱን ሁሉ «አንቺ ነሽ የተማርሽው፣ አንብቢልኝ» የሚላት ለካ ለዚህ ኖሯል! ጠዋት «አባ፣ ቀይ ነው!» ብላ ስትጮህ እንዴት ደንግጦ ፍሬን እንደያዘ ትዝ አላት። እጁን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችው።

«አባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አባ!»

ቫኑን ተደገፈ። በአንዴ ያረጀ መሰላት። «ከረመዳን በፊት መሰለኝ። እንደ ጉም ነገር ዓይኔን ይጋርደኛል። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ እሺ? መኪናው ከቆመ ምን እንበላለን? ደግሞ አንቺ አለሽልኝ፤ በድምፅሽ ነው እኮ የምነዳው።»

አሳዘናት፤ አናደዳትም። እሷ ክፍል ውስጥ በምትሆንባቸው ሰዓታትስ በማን ድምፅ ነው የሚነዳው? ሰፈራቸው መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ሕፃናት ፊቷ ላይ ድቅን አሉ። መጠየቁን ፈራችው።

«ታዲያ የቱን ልጠቅልልላችሁ?» አለች ላሚያ ከበሩ።

«ለዛሬ ይቆይ፣ እህቴ» አለቻት ፋኢዛ።

አባቷ ቫኑ ውስጥ ገብቶ መሪውን ያዘ። «በይ ከኋላ ቁሚልኝ፣ አስተካክዬ ላውጣው።»

እግሮቿ ለምደውታልና ሄዳ ቆመች። ሞተሩ ተነሳ። አንዲት ሴት ልጇን በእጇ እየጎተተች ከኋላዋ አለፈች። ፋኢዛ «ና» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት። ቫኑን አንዴ መታችው፤ ቁም ማለቷ ነው። ከዚያ ዞራ በመስኮቱ በኩል እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን ስጠኝ፣ አባ። መኪናውን አጎቴ ኸባብ መጥቶ ይወስደዋል። እኛ በማታቱ እንሄዳለን።»

«ፋኢዛ…»

«ለእማም እኔ ነኝ የምነግራት። አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ።»

አባቷ መሪውን ለቀቀ። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠው። ኪሷ ከተተችው። ወርዶ ሲቆም ክንዱን ያዘችና ሊሻገሩ ከአስፋልቱ ዳር አቆመችው። አንድ ሞተር ሳይክል አለፈ፤ ከኋላው ማታቱ።

«ቆይ» አለችው። «ቆይ… አሁን ና።»